የኮምፈርት ልብስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሜትር አውጡ

የኮምፈርት ልብስ የሚገዛው በአልጋው ልክ ሳይሆን በኮምፈርቱ ልክ ነው። ሱቅ ገብቶ «ለአንድ ሜትር ከሃምሳ አልጋ የሚሆን ስጠኝ» ማለት ለአንሶላ ያስኬዳል። ለኮምፈርት ልብስ ግን አያስኬድም፣ ምክንያቱም ያው አንድ ዓይነት አልጋ ላይ የሚነጠፈው ኮምፈርት ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ጋ 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ነው፣ ሌላው ጋ 2 ከ20 በ2 ከ40፣ ሌላው ደግሞ ዘመድ ከውጭ የላከለት በኢንች የተለካ ነው። ልብሱ ከጠበበ ኮምፈርቱ ውስጡ ተጨማዶ ይቀራል። ከሰፋ ደግሞ ሌሊት አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰብና እናንተ ባዶ ጨርቅ ለብሳችሁ ታድራላችሁ።

ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ኮምፈርት ስል ውስጡ ፋይበር፣ ጥጥ ወይም የወፍ ላባ ያለበትን፣ ወፈር ብሎ ቀለል የሚለውን የብርድ መከላከያ ማለቴ ነው። ልብሱ ደግሞ እሱን የምናለብሰው፣ በአንድ በኩል ክፍት ሆኖ በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚዘጋ፣ እንደ ትልቅ የትራስ ልብስ ያለ ነገር ነው። ቀን ቀን ከላይ ጣል ከምናደርገው የአልጋ ልብስ ይለያል። ያኛው ለእንግዳ ዓይን ነው፣ ማታ ይታጠፋል። ይሄኛው ሌሊቱን ሙሉ ከአንገታችን፣ ከክንዳችንና ከፊታችን ጋር ሲነካካ ያድራል። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ጨርቁን ነው ማየት ያለብን።

ብዙ ቤት ኮምፈርቱ ያለልብስ ነው የሚለበሰው፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ኮምፈርት ማጠብ ከባድ ሥራ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአንድ ኮምፈርት የሚፈሰው ውሃ የሳምንት ልብስ ያጥባል። በክረምት ደግሞ ታጥቦም አይደርቅም፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥበት ይይዛል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ፋይበሩም ይቋጠራል። ልብስ ያለው ኮምፈርት ግን በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢታጠብ፣ በቀረው ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይበቃዋል። ልብሱ ከአንሶላው ጋር ታጥቦ በግማሽ ቀን ፀሐይ ይደርቃል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ገንዘቡ ውስን ከሆነ አንድ ውድ ኮምፈርት ከመግዛት መካከለኛ ኮምፈርትና ሁለት ጥሩ ልብስ መግዛት ይሻላል።

እንዴት ይለካል?

ኮምፈርቱን አራግፉትና አልጋ ወይም ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጉት። አትጫኑት፣ አትወጥሩትም። ወርዱን ከጫፍ ስፌት እስከ ጫፍ ስፌት ለኩ፣ ቁመቱንም እንዲሁ። መሐል ላይም ጫፍ ላይም ለኩ፣ የታጠበ ኮምፈርት አንዳንዴ መሐሉ ይሰበሰባል። ቁጥሩን በሴንቲ ሜትር ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

የምትገዙት ልብስ ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ኮምፈርቱ ከልብሱ በ3 ወይም በ5 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ሞላ ያለ ይመስላል። ግን አንድ ነገር አለ። ያልታጠበ አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ። 2 ሜትር ከ20 የነበረ ልብስ 5 በመቶ ሲሰበሰብ 2 ሜትር ከ9 ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጥጥ ስትገዙ ቀድሞ ታጥቦ የተሰበሰበ መሆኑን ጠይቁ። ካልሆነ ትንሽ ሰፋ ያለውን ውሰዱ። ፖሊስተር ይህ ችግር የለበትም።

ኮምፈርቱንም ገና የምትገዙ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። የአልጋውን ወርድ ውሰዱ፣ የፍራሹን ውፍረት ለሁለቱም ጎን ደምሩበት። አልጋው 1 ሜትር ከ50 ሆኖ ፍራሹ 25 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ 2 ሜትር ይመጣል። 2 ሜትር ወርድ ያለው ኮምፈርት የፍራሹን ላይና ሁለቱን ጎን ልክ ሸፍኖ ያበቃል፣ ሁለት ሰው ሲተኛና አንዱ ሲገላበጥ ግን የሌላው ጀርባ ይጋለጣል። ለሁለት ሰው 2 ከ20 ይሻላል። ለ1 ከ80 አልጋ 2 ከ40፣ ለ1 ከ20 አልጋ ቢያንስ 1 ከ70፣ ለባለ 90 ደግሞ 1 ከ40 ወይም 1 ከ50።

ከውጭ የሚላክ ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል። «ኪንግ ሳይዝ ላኪልኝ» ትሏታላችሁ፣ እህታችሁ ኪንግ ትልካለች፣ ሲመጣ አይሆንም። እሷ አልተሳሳተችም፣ ስሙ ነው ከአገር አገር የሚለያየው። የአሜሪካ ኩዊን ፍራሽ 60 በ80 ኢንች ነው፣ በእኛ 152 በ203 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር ከሃምሳው አልጋችን ጋር ይቀራረባል። የዚያ ልክ የኮምፈርት ልብስ ግን ብዙውን ጊዜ 90 በ90 ኢንች አካባቢ ነው፣ 229 በ229። ቤታችሁ ያለው ኮምፈርት 2 ሜትር ወርድ ካለው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ጨርቅ ይተርፋል። የአሜሪካ ኪንግ ፍራሽ ደግሞ 193 ሴንቲ ሜትር ወርድ ስላለው ባለላስቲኩ አንሶላ በእኛ 1 ከ80 ፍራሽ ላይ ይላላል።

እንግሊዝ «ደብል» የሚባለው ኮምፈርት 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ጀርመን ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ሆነው ብዙ ጊዜ ለየራሳቸው ኮምፈርት ነው የሚለብሱት፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ በብዛት የምታገኙት 135 በ200 ለአንድ ሰው የሚሆነው ነው። መፍትሔው አጭር ነው፤ ለዘመዳችሁ የምትልኩት መልእክት ውስጥ ስም አይኑር፣ ቁጥር ብቻ ይኑር። ወርድ ስንት፣ ቁመት ስንት፣ በሴንቲ ሜትር። በኢንች ከሆነ የሚገዙት አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው።

ጨርቁ

ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጡ ኮምፈርት ነው። የልብሱ ሥራ ሰውነትን አለማስቆጣት፣ ላብ መምጠጥ፣ መታጠብና መቆየት ነው።

ጥጥ ለብዙዎቻችን ይሻላል። ግን ጥጥ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አሸማመኑ ይለየዋል። አንዱ ፐርኬል የሚባለው ነው። ድሩና ማጉ አንድ ከላይ አንድ ከታች እየሆኑ የሚሄዱበት፣ አቡጀዲ የሚሸመንበት መንገድ ነው፣ ክሩ ግን በጣም የቀጠነና የተጠጋጋ። ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል፣ አየር ያስወጣል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ጉድለቱ መጨማደዱ ነው። ሌላው የጥጥ ሳቲን ነው፣ አንዱ ክር አራት ክር ላይ አልፎ በአንዱ ሥር ይገባል። ስለዚህ ላዩ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ከፐርኬሉ ሞቅ ይላል። ክሩ ላይ ላዩን ስለተኛ ግን ጥፍርና ቀለበት ይይዘዋል፣ ይመዛል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ በሱቆቻችን የሚያብረቀርቅ ሁሉ ሳቲን ይባላል፣ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። «ጥጥ ነው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፣ ጽሑፉንም አንብቡ።

ማይክሮፋይበር ማለት በጣም የቀጠነ ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ አይጨማደድም፣ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል፣ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም። ለዚህ ነው ገበያውን የሞላው። ነገር ግን ላብ አይመጥም። ሌሊት የሚያልበው ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ባይለብሰው ይመረጣል። ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ጨርቁ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ጨለማ ውስጥ ሲገልጡት ቸር ቸር ይላል። ርካሹ ዓይነት ከጥቂት ወራት በኋላ በእግር በኩል ትንንሽ ኳሶች ያወጣል። የጥጥና የፖሊስተር ድብልቅ መሐል ላይ ነው። ለልጆች አልጋ፣ ለተማሪ፣ ለሚከራይ ክፍል ጥሩ ነው፣ ብዙ ይታጠባል፣ ሳይተኮስም ደህና ይመስላል። የጥጡ ድርሻ ከግማሽ ባያንስ እመርጣለሁ።

ፍላኔል፣ ማለትም ላዩ የተቦረሸና ጸጉራም ጥጥ፣ ለደብረ ብርሃን ዓይነት ብርድ ነው። በሞቃት አየር አይለበስም። ከተልባ ተክል ግንድ የሚሠራው ሊነን ደግሞ ዕድሜውም ምቾቱም ትልቅ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ እዚህም በቀላሉ አይገኝም።

የት እንደምትኖሩም አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ የለውም። ፐርኬል ጥጥ ሲገቡበት ለአፍታ ቀዝቅዞ ወዲያው ይሞቃል፣ ያንን ቅዝቃዜ የማይወድ ሰው የጥጥ ሳቲን ይውሰድ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ቀለል ያለ ኮምፈርት በፐርኬል ልብስ ይበቃል። ድሬዳዋ ከሆናችሁ ኮምፈርቱን አውጥታችሁ ባዶ ልብሱን ብቻ መልበስ ትችላላችሁ፣ እንደ ድርብ አንሶላ ያገለግላል። ሪያድና ዱባይ ኤሲ እያበሩ የሚተኙ ወገኖቻችን ደግሞ ውጭው ቢሞቅም ኮምፈርት ያስፈልጋቸዋል፣ ለነሱም ጥጥ ነው የምመክረው።

የክር ቁጥር ነገር

ማሸጊያው ላይ 300፣ 600፣ 1000፣ 1500 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሩ በአንድ ስኩዌር ኢንች ጨርቅ ውስጥ ያሉትን የድርና የማግ ክሮች ድምር ነው የሚናገረው። ለጥሩ ጥጥ ከ200 እስከ 400 በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለትና ሦስት ሆነው የተገመዱ ቀጫጭን ክሮችን ነጥሎ በመቁጠር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ ዓይነት አቆጣጠር ገዢን ሊያሳስት እንደሚችል ጽፈዋል። 1500 የሚል ማይክሮፋይበር ስታዩ ቁጥሩን እንዳላያችሁት እለፉት። ጥሩ ባለ 250 ጥጥ፣ ክሩ ረጅም ቃጫ ካለው ጥጥ የተፈተለ ከሆነ፣ ከመጥፎ ባለ 800 በብዙ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ በእጅ መፈተን

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት። ዘርዘር ያለ ወይም አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ የሳሳ ከሆነ ተዉት። ከዚያ በጡጫችሁ አጥብቃችሁ ያዙትና ልቀቁት። ጥጥ ተጨማዶ ይቀራል፣ ፖሊስተር ወዲያው ይዘረጋል። ነጭ ሶፍት ትንሽ በውሃ አርጥባችሁ ጥቁር ወይም ቀይ ቀለም ያለበት ቦታ ላይ ፈትጉ፣ ሶፍቱ ከተቀባ አንሶላችሁም ይቀባል። አሽትቱት። ኃይለኛ የኬሚካል ሽታ ካለው ቢያንስ ሳይታጠብ አይለበስም።

ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 20 የሚሆን ስፌት ካለ ጠንካራ ነው፣ 10 እና 12 ብቻ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥጉ ይተረተራል። የጨርቁ ጠርዝ ታጥፎ ነው የተሰፋው ወይስ እንዲሁ ክሩ ተንዘርፍፏል? ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ይህ ክር ጣት ላይ ስለሚጠመጠም ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት ከገባ በኋላ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ አንድ ክር ማቃጠል ነው። ክሩን ከጨርቁ ጠርዝ ምዘዙ፣ ከስፌቱ አይሁን፣ ምክንያቱም ጥጥ ልብስም በፖሊስተር ክር ይሰፋል። በመቆንጠጫ ይዛችሁ ማጠቢያ ሳህን ላይ ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ግራጫና ብን የሚል ነው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። በጣት አትንኩት፣ ያቃጥላል። ሁለቱም ከታየ ድብልቅ ነው።

አፉና ጥጎቹ

ብዙ ሰው የማያያቸው፣ እኔ ግን ከቀለም በፊት የማያቸው ነገሮች ናቸው። አፉ ሰፊ መሆን አለበት። ወርዱ 2 ሜትር ሆኖ አፉ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ በየሳምንቱ ስታለብሱ ትማረራላችሁ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን። ዚፕ በደንብ ይዘጋል፣ ፕላስቲክ ይሁን፣ በጨርቅ የተሸፈነም ይሁን፣ አለበለዚያ እግር ይቧጭራል። ቁልፍ ቢበጠስ ማንም ሰው ይተክለዋል፣ ግን ትናንሽ ልጆች ካሉ ጎትተው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። በማሰሪያ የሚታሰረው ያምራል፣ መሐል መሐሉ ግን ክፍት ይሆንና ኮምፈርቱ ይታያል።

ልብሱን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፣ አራቱም ጥግ ላይ ማሰሪያ ክር አለ? ኮምፈርቱ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ከሌለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥብጣብ በየጥጉ አሰፉ፣ ኮምፈርቱም ጥግ ላይ ትንሽ ቀለበት ይሰፋለት። በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው፣ የሌሊቱን ትግል ግን ያስቀራል።

ስለ «ስድስት ፍሬ» አንድ ነገር ልበል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ስድስት ፍሬ፣ አራት ፍሬ እየተባለ አንድ ላይ የሚሸጠው የኮምፈርት ልብስ፣ የአንሶላና የትራስ ልብስ ስብስብ ፎቶው ላይ ሞልቶ ተነፍቶ ይታያል። ውስጡ ኮምፈርት አለው ወይስ ባዶ ልብስ ነው? አንሶላው ባለላስቲክ ነው ወይስ ዝርግ? ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እንዲቆጥሩላችሁና ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ብር ከመላካችሁ በፊት ነው ታዲያ።

ማሰፋት

ልኩ ካልተገኘ፣ ወይም የተገኘው ሁሉ ማይክሮፋይበር ከሆነ፣ ማሰፋት ጥሩ ነው። ቀላሉ መንገድ ሁለት ዝርግ የጥጥ አንሶላ ገዝቶ ሦስቱን ጎን ማጋጠም፣ አራተኛው ላይ ቁልፍ መትከል ነው። ሁለቱ የተለያየ ቀለም ቢሆኑ ገልብጣችሁ ትለብሱታላችሁ።

በሜትር የምትገዙ ከሆነ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የአንሶላ ጨርቅ ፈልጉ። 2 ሜትር በ2 ከ20 ለሆነ ኮምፈርት ሁለት ጊዜ 2 ከ20፣ 4 ሜትር ከ40 ነው። ለአፉ እጥፋትና ለሚሰበሰበው ጨምራችሁ 4 ሜትር ከ80 ግዙ። ከመቆረጡ በፊት ግን ጨርቁ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ ይሂድ። ይህን የሚዘልል ሰው ልኩ የጠፋ ልብስ ነው የሚረከበው። ጠርዙን ድርብ ስፌት በሉት።

የሽሮ ሜዳ ጥለት ማስገባት የሚወድ ካለ በእግር በኩል ያስገባው፣ አንገት ጋ ከሆነ ቆዳ ይፈትጋል፣ ጥለቱም ቶሎ ያረጃል። የእናት ዳንቴል ካላችሁ ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ በእጅ ስፉት፣ ሲያስፈልግ ተነስቶ ለብቻው እንዲታጠብ። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሰው ቤት ካለች በራስጌ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ተነቃይ ጨርቅ አሠሩ፣ ያ ብቻ ወጥቶ ይታጠባል። ቅባት የሚጠጣው ያ ጫፍ ነውና።

ማልበስና ማጠብ

ልብሱን ገልብጡና አልጋው ላይ ዘርጉት፣ አፉ በግርጌ በኩል ይሁን። ኮምፈርቱን በላዩ አስተካክላችሁ አንጥፉ፣ አራቱን ጥግ እሰሩ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ከራስጌ ጀምራችሁ ወደ ግርጌ ጠቅልሉ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ። አፉ ጋ ስትደርሱ እጃችሁን አስገብታችሁ የልብሱን አፍ በጥቅሉ ጫፎች ላይ ገልብጡት፣ መሐሉን ዝጉትና ጥቅሉን ወደ ራስጌ መልሳችሁ ፍቱት። ኮምፈርቱ ውስጥ ገብቶ፣ ተዘርግቶ ይወጣል። ለብቻው ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

አዲሱን ሳትለብሱት በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው እጠቡት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ካለ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይሁን፣ የአቧራ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት በዚያ ሙቀት ይሞታሉ። ለዚህ ጥጥ ያስፈልጋችኋል፣ ማይክሮፋይበር ለብ ባለ ውሃ ነው የሚታጠበው። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው፣ ያውም በልኩ። ባለቀለሙን ገልብጣችሁ አስጡት፣ የበጋ ፀሐይ ቀለም ይበላል። ማሽን ውስጥ ስትከቱት ደግሞ ዚፑን ወይም ቁልፉን ዝጉ፣ ክፍት ከሆነ ካልሲውና ፎጣው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይገባና ሳይታጠብ ይወጣል።